ጨረቃ እንዳትወጣ የለመንኩበት ምሽት

ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ መሀል ላይ ያቋርጠኝና "ቆይ፣ ለካሮት ነው?" ይለኛል። አዎ፣ ለካሮት ነው። እናንተም ከመጀመሪያው እወቁት፤ በኋላ እንዳትገረሙብኝ። በካሮት የተነሳ ስሜም እንጀራዬም በአንድ ምሽት ጠፍተው ሊያድሩ ነበር።

ሐርጌሳ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የግዥ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለቤቴ መሠረትና ሁለቱ ልጆቻችን አዳማ ናቸው፤ እኔ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከሐጂ ሙሴ በተከራየሁት ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። ኑሮዬ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ነበር። ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በበራቸው ድምፅ ነው። የኢብራሂም የብረት በር ሲከፈት ያጓራል፤ ከወዲያ በኩል ያለው የኤዶ ከድራ በር ደግሞ ሲዘጋ ሰፈሩን ያናውጣል። ሰው አልነካም፣ ሰው እንዲነካኝም አልፈልግም። ይህንንም ጨዋነት ነው ብዬ አምን ነበር።

የነበረችኝ አንዲት ሱስ ጓሮዬ ናት። ቤቱን ስረከብ በጓሮው የነበረው አንድ የደከመ ዘይቱን፣ አንድ ሎሚና ብዙ አቧራ ነው። እኔ የፍየል ፍግ አስመጥቼ፣ መደብ ሠርቼ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ሳይቀር በባልዲ እያጠራቀምኩ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት የሚበቅልበት አደረግኩት። ጨረቃዋ የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

አባቴ አሰላ ውስጥ አናጢ ነበር። ሙሉ ጨረቃ ላይ የተቆረጠ እንጨት ለነቀዝ የተደገሰ ድግስ ነው ይል ነበር። ደንበኛ እግሩ ላይ ቢወድቅ እንኳ ጨረቃ ሳትጎድል ዛፍ አያስቆርጥም። እኔ ይህን እምነት ከእንጨት ወደ አትክልት አዛወርኩት። በስልኬ ሳስስ ለካ በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለው ሰው ብዙ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው። ጨረቃ ስትጎድል ኃይል ወደ ሥር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ካሮትና ቀይ ሥር ይዘራል፣ ቅርንጫፍ ይከረከማል፣ ፍግ ይገባል። ጨረቃ ስትጠፋ መሬት አይነካም፤ ዶማና መቀስ ይጸዳል። አዲሷ ስትወለድ ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉ ይዘራል። እውነት ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው መመሪያ ሲያስከብር የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ አንድ የራሱ መመሪያ ያስፈልገዋል።

የካቲት ላይ ሥራው ይበዛል። እዚያ ጂላል የሚሉት የብርድና የድርቅ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ዛፉ ተከርክሞ፣ መደቡ ተገልብጦ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ጨረቃዋ ያለቀችበትን ቀን ማወቅ ነበረብኝ። ስልኬ ይነግረኝ ነበር፤ አባቴ ግን በዓይንህ ያላየሃት ጨረቃ አትቆጠርም ብሎ አሳድጎኛል። እየጎደለች ያለች ጨረቃ ደግሞ ወር ሊያልቅ ሲል የምትታየው ንጋት ላይ ነው፣ በምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል። እናም የንጋቱ አዛን ሲሰማ እነሳለሁ፣ ጃኬቴን እደርባለሁ፣ ወፍ ማየት ይወድ የነበረ አንድ ባልደረባዬ አገሩን ሲለቅ የተወልኝን ባይኖኩላር አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ጣራ ላይ እወጣለሁ።

አሁን ነገሩን ከታች ሆናችሁ እዩት። ብቻውን የሚኖር የውጭ አገር ወንድ፣ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ መስጊድ በገቡበት ሰዓት፣ ሴቶቹ በየግቢያቸው ተዝናንተው ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት፣ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ጣራ ላይ ይቆማል። በምሥራቅ በኩል ያለው ግቢ የኢብራሂም ነው። ኢብራሂም አራት ሴት ልጆች አሉት።

ይህ ሁሉ ለእኔ አልታየኝም። ኢብራሂም በሚያዋስነን ግንብ ላይ ቆርቆሮ ሲያስጨምር አየሁ፤ ለነፋሱ ይሆናል አልኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከቆርቆሮው በላይ ሌላ ቆርቆሮ አስጨመረ፤ ነፋሱ በርትቶበታል ማለት ነው አልኩ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ የሻዕባን ወር ሃያ ዘጠነኛው ቀን። ያን ማታ ጨረቃ ከታየች በማግስቱ ረመዳን ይገባል፤ ካልታየች አንድ ቀን ይዘገያል። እኔ ግን ያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ ዘይቱኑ ላይ ነበር። ንጋት ላይ አሮጌዋን ጨረቃ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ በማግስቱ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ቅርንጫፍ ለመከርከም የመጨረሻዋ ቀን ናት። ከሰዓት በኋላ መቀሴን ይዤ ዛፉ ሥር ሳለሁ በሩ ተንኳኳ።

ሐጂ ሙሴ ከፊት፣ ኢብራሂም ከኋላ፣ ከእሱ ኋላ ሚስቱ ሳህራ ገቡ። ሐጂ በድሬዳዋ መንገድ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ኢብራሂም ጅግጅጋ ተምሯል። ሳህራ ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት። ሦስቱም አማርኛ እንደሚችሉ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቴ ብቻ ሰላም ስላቸው ኖሬያለሁ።

"ይግቡ፣ ሐጂ" አልኳቸው።

"ገብቻለሁ እኮ፣ ቤቱ የእኔ ነው" አሉና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "ታደሰ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጣራ ላይ ምን ትሠራለህ?"

"መቼ?"

"መቼ ይለናል" አለ ኢብራሂም። "በየንጋቱ ነዋ። እኛ መስጊድ ለሱጁድ ስንወርድ አንተ ጣራ ትወጣለህ። ልጄ ናት ያየችህ፣ ትልቋ። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ባልዲውን ጥላ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነሱ ግቢ አይወጡም፤ ውኃውን እኔ ነኝ የምቀዳው።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ደሜ ከራሴ ወደ እግሬ ሲወርድ ተሰማኝ፣ ጨረቃ ስትጎድል ኃይል ወደ ሥር እንደሚወርደው።

"ጨረቃ ነው የማየው" አልኩ።

"ጨረቃ የሚታየው ማታ ነው።"

"እየጎደለች ስትሄድ ንጋት ላይ ነው የምትወጣው።"

"እሺ። ለምን ታያታለህ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። ስለት አለብኝ ብል፣ ሐኪም አዞኝ ነው ብል፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነው ብል ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ስደነግጥ እውነት የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ።

"ለካሮት" አልኩ።

ሳህራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኢብራሂም ወደ ሐጂ ዞረ። "ይሰማሉ ሐጂ? የልጆቼን ነገር ይዤ መጥቼ ስለ ካሮት ያወራኛል።"

"ኢብራሂም፣ እግዚአብሔርን ነው የምልህ፣ አንተ ግቢ ውስጥ ሰው መኖሩን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም።"

"ሦስት ዓመት ጎረቤት ሆነህ?"

መልሴን አልጠበቀም። "ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤትህ እሄዳለሁ" አለ። "ለአለቃህ እነግራለሁ። ከዚያ ፖሊስ ጋ።"

ከእናንተ መካከል እንዲህ ባለ ድርጅት የሠራ ካለ የዚህን ትርጉም ያውቃል። እንዲህ ያለ አቤቱታ ቢሮ ከደረሰ ሰውየው መጀመሪያ ወደ አገሩ ይላካል፣ ከዚያ ይጣራል። ወሬው ደግሞ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ አዳማ ይገባል። ሴት ልጄ ያን ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የኢብራሂም ትልቋ ልጅ እኩያ መሆኗ ነው። ከመልካም ሽቶ መልካም ስም ይሻላል ይባላል፤ እኔ ያን ሰዓት ስሙም አልነበረኝ፣ የምሸተውም የፍየል ፍግ ነበር።

ሌላ መከላከያ ስላልነበረኝ ጓሮውን አስጎበኘኋቸው። ይኸው የካሮቱ መደብ፣ ጨረቃ ስትጎድል የዘራሁት። ይኸው ባዶው መደብ፣ አዲሷ ስትወለድ ሰላጣ የሚዘራበት። ይኸው ዛሬ መከርከም ያለበት ዘይቱን፤ ከዛሬ ወዲያ መሬትም ዛፍም አይነካም። እያወራሁ ድምፄን ስሰማው የእብድ ድምፅ ነበር። ኢብራሂም መደቡን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየኝ። ሐጂ ግን ባልዲያቸውን ይዘው ተነሱና ካሮቱ አጠገብ አስቀምጠው እንደገና ተቀመጡ።

"ስልክህ ላይ አይደለም የምታየው?"

"አይደለም ሐጂ። አባቴ በዓይን ያልታየች ጨረቃ አትቆጠርም ይል ነበር።"

"እውነቱን ነው" አሉ ሐጂ። "እኛም ካላየናት አንጾምም፣ ካላየናትም አንፈታም።" ትንሽ አሰቡ። "ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት?"

"ዛሬ ንጋት ላይ። እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥና፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ። ለዚህ አይደል ዛሬ የምከረክመው።"

ሐጂ ወደ ኢብራሂም ዞረው በሶማልኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም ተቃወማቸው። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ። አሮጌዋ ጨረቃ ንጋት ላይ ከታየች በዚያው ቀን ማታ አዲሷ አትታይም፤ ከፀሐይ ለመሸሽ ጊዜ አይኖራትም። ይህን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከግመል ኋላ ሲሄዱ ከኖሩት ከገዛ አባታቸው ሰምተውታል።

"እንግዲህ ፍርዱ ከእኔ እጅ ወጥቷል" አሉ። "ዛሬ ማታ ሁላችንም ጣራው ላይ እንወጣለን። ጨረቃ ከታየች ይህ ሰው ንጋት ላይ ያየው ጨረቃ አይደለም፤ ነገ ቤቴን ይለቃል፣ አንተም ቢሮው ትሄዳለህ። ካልታየች ጨረቃ ነው ያየው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም።"

"ደመና ቢሆንስ?" አለች ሳህራ።

"በጂላል ምን ደመና አለ?"

ኢብራሂም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? ሳህራ ስትወጣ ከሁለቱ ወደ ኋላ ቀርታ በድሬዎች አማርኛ፣ አንቱታ በማያውቀው፣ ቀስ ብላ "አቦ አንተ፣ ለመሆኑ ካሮት ገበያ ላይ ጠፍቷል?" አለችኝ።

ለመሠረት ደወልኩላት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ታደሰ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምንድን ነው የምታየው?"

"ጨረቃ።"

"ጨረቃ እኮ እዚህም አለች።" ለካሮቴ ጨረቃ ሳሳድድ እሷ ሦስት የካቲት ብቻዋን ማሳለፏን ያን ጊዜ አሰብኩት፤ አፈርኩም። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና "በል እሺ፣ እጸልያለሁ" አለች።

"ምን ብለሽ?"

"እንዳትወጣ ነዋ።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩን ከፈትኩ። የጠበቅኩት ሦስት ሰው ነው። የመጣው ሰፈሩ ነው። የእኔ ጣራ ከአካባቢው ከፍ ይላል፤ ሐጂ ሙሴ ከዚያ ሆነው ጨረቃ ሊያዩ ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ከመስጊድ በር ተነስቶ ሱቆቹን አዳርሶ ነበር። ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አንዱ በፔርሙስ ሻይ ይዞ መጣ። ለምን እንደሚወጡ የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የረመዳንን ጨረቃ ሊቀበል በደስታ ነው የመጣው። እየጨበጡኝ "ማሻአላህ፣ ጣራህን ፈቀድክልን" ይሉኛል። ሦስት ዓመት እግር ያልረገጠው ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰርግ ቤት መሰለ።

ሐጂ ምዕራቡን ፊት ለፊት ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ስለ እኔ ጠየቋቸው መሰለኝ፣ ሐጂ ስለ ካሮቴ ሲመልሱላቸው ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በጉጉት አዩኝ። ሳህራ ከደረጃው ጫፍ ቆማ እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

"የረመዳንን መግቢያ ለማወጅ አንድ የታመነ ምስክር ይበቃል፣ ለዒድ ግን ሁለት ያስፈልጋል፤ ለካሮት ስንት ነው? ይላል።"

"ሐጂ ምን አሉት?"

"እያሰቡበት ነው።"

እውነትም እያሰቡበት ነበር። ጥቂት ቆይተው "ካሮት ለዘሪው ብቻ ነው፤ ዘሪው ራሱ ካየ ይበቃዋል" ብለው ፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አመዛዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው ግን አልተዋጠለትም፤ ካሮቱን ለጎረቤት የሚሰጥ ከሆነስ? አለ። ለጎረቤት ሰጥቼ ስለማላውቅ ዓይኔን ሰበርኩ።

ፀሐይ ጠለቀች። ሰማዩ ከታች ብርቱካንማ፣ ከላይ ሰማያዊ ሆኖ እንደ ታጠበ ጠራ። ጥርት ያለ መሆኑ አስፈራኝ፤ አንዲት ክር እንኳ ብትኖር ታስታውቃለች። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አንጋጠጠ። በከተማው ሁሉ በየጣራው እንዲህ የቆመ ሰው አለ፤ ሁሉም ውጪልን እያለ ነው። እንዳትወጪ የሚል አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አዳማ ያለችውን መሠረትን ካልቆጠርን። ስለ ካሮት ለዓመታት ሳሳድዳት የኖርኳትን ጨረቃ አንድ ምሽት ብቻ፣ እባክሽ፣ አልኳት።

በዚህ መሀል ከኋላ አንድ ድምፅ "ታይታለች፣ ታይታለች" አለ። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ እየገፋ መጣ። ስልኩ ላይ ቀጭን ቆንጆ ጨረቃ ከአንድ ሚናሬት በላይ ተቀምጣለች። ጣራው በምስጋና ቃል ተናወጠ። ኢብራሂም ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ አይደለም፣ ሐዘን ያለበት ነገር ነው። እውነት ሆኖ መገኘቱ እሱንም ከብዶት ነበር። የውኃ ታንከሩን ተደገፍኩ።

ሳህራ ስልኩን ከልጁ እጅ ተቀበለች፣ አየች፣ በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አደረገች። "ይሄ የአምና ነው" አለች። "ከላዩ የአምናው ቀን አለ።" ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጠፋ።

ኢብራሂም ከዚያ በኋላ ትዕግሥት አጣ። ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። "መነጽሩን ስጠኝ።" አውልቄ ሰጠሁት። ዓይኑ ላይ ገጠመና ምዕራቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። ብርሃኑ እየወረደ ሲሄድ እሱም አብሮ እየወረደ ሄደ፤ ጨረቃዋ ከአድማሱ ዝቅ ብላ እንደሆነ ብሎ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ግቢ የኤዶ ከድራ ነው።

ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ የግመል ወተት የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በመንገዱ ስታልፍ መኪና ይቆምላታል። ያን ሰዓት ሻሿን አውልቃ ፀጉሯን ልትታጠብ ውኃ ይዛ ወጥታ ነበር። ቀና ስትል ጣራው ላይ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ኢብራሂም፣ ባለ ሁለት አፍ መሣሪያ እሷ ላይ ደግኗል።

አልጮኸችም። የበሯን መዘጋት ሰማን። ከዚያ የእኔን በር። ከዚያ በደረጃው ላይ የአንድ እግር ጫማ ድምፅ፤ ሌላው ጫማ በእጇ ነበር። ሽማግሌዎቹ መንገድ ከፈቱላት። ሳህራ ንግግሩን አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመችልኝ፤ ባሏ መሆኑን የረሳችው ይመስለኛል።

"ኢብራሂም፣ ግቢዬ ውስጥ ምን ጠፍቶብሃል?"

"ጨረቃ ነው፣ ኤዶ።"

"ግቢዬ ውስጥ?"

"ከግቢሽ በላይ። ዝቅ ብላ ከሆነ ብዬ ነው።"

"ጨረቃ ወጥታለች?"

"አልወጣችም።"

"ታዲያ ያልወጣች ጨረቃ ነው የምታየው?"

"አለመውጣቷን ነው የማየው" አለ ኢብራሂም፣ ላብ አጥምቆታል። "ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰው ንጋት ላይ አሮጌዋን አየሁ ይላል። አሮጌዋ ከታየች አዲሷ አትታይም። ከታየች ግን እሱ ውሸታም ነው። እኔም እንድትታይ፣ እሱ ደግሞ ካሮት..." እዚያ ላይ ቆመ።

"ካሮት?" አለች ኤዶ ከድራ።

"ለካሮት ነው" አለ ኢብራሂም፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከጥቂት ሰዓት በፊት ዘይቱኑ ሥር እኔ ላይ ነበር። እውነት እየተናገረ በእያንዳንዱ ቃል ይበልጥ የሚሰምጥ ሰው ፊት ነው። ኤዶ ከድራ ጫማውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ አጠገቡ ነበርክ። ምን እያየ ነበር?"

አልዋሻችሁም፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ዝምታው ጣፋጭ ነበር። አላውቅም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ሰፈሩ የቀረውን ይጨርሰዋል። ኢብራሂም አላየኝም፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ሳህራ መተርጎሟን አቁማ ትጠብቀኛለች። አራቱ ልጆች በቆርቆሮው ወዲያ ማዶ ድምፁን እየሰሙ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ሌሊት የሚያድሩት የእኔን መልስ ይዘው ነው።

"ጨረቃ ነው የሚፈልገው" አልኩ። "እንደሱ አድርጎ ከልቡ ሲፈልጋት ሰው አላየሁም። ከወጣች እኔን ከሰፈር ያስወጣኛል።"

ሳህራ ተረጎመች። ኤዶ ከድራ አንዴ ኢብራሂምን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ሙሴ ናቸው፤ ምርኩዛቸው ወደቀ። ከዚያ ጣራው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ጫማ ይዛ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ባዶዋን መመለስ ስላልፈለገች ኢብራሂምን አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ አሳረፈችበት፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ወረደች።

ሰማዩ ጠቆረ፤ ጨረቃ አልታየችም። ሐጂ ተነስተው በሶማልኛ አወጁ፤ ወደ እኔም ዞረው "አልወጣችም፣ ልጄ" አሉኝ። በኋላም በሬዲዮ አልታየችም ተባለ። ኢብራሂም መነጽሩን አንገቴ ላይ መልሶ አጠለቀልኝና ወረደ።

በማግስቱ ማታ ጨረቃ እንደምትታይ እርግጥ ነበር። እኔ ግን ጣራ አልወጣሁም። የሰላጣውን ዘር መዳፌ ላይ ይዤ ጓሮ ተቀመጥኩ። ነፃ ብባልም ከሰው ዓይን እንደ ተደበቅኩ መኖር የሚሻል መስሎኝ ነበር። ከዚያ የኢብራሂም በር አጓራ፣ የእኔም ተንኳኳ።

ኢብራሂም ነው። ከኋላው ሳህራ፣ ከሳህራ ኋላ አራቱ ልጆች ሻሻቸውን አሳምረው አስረው ቆመዋል።

"ጣራው ክፍት ነው?" አለኝ።

"ክፍት ነው።"

"ከእኛ ግቢ ጨረቃዋ አትታይም" አለ፣ ወደ ግንቡ ሳያይ። "ቆርቆሮው ይጋርዳታል።"

ወጣን። ጨረቃዋ በምዕራብ በኩል ጠበቀችን፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ምንም እንዳላደረገች። ኢብራሂም መነጽሩን ከእጄ ወሰደና ባልዲዋን ጥላ በገባችው በትልቋ ልጁ አንገት ላይ አጠለቀው። "አዴር ታደሰ ያሳይሽ" አላት። አዴር አጎት ማለት ነው። በጣቴ ጠቆምኩላት። "አየሁ" አለች። ታናሽዋ "እኔስ?" አለች። ኢብራሂም ከጎናቸው ቆሞ መነጽሩ ትንሽ ባዘነበለ ቁጥር "ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ" ይላል። እኔ የዚያን ምሽት ጨረቃ በደንብ አላየኋትም። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያን ክረምት መሠረትና ልጆቹ ሊጠይቁኝ መጥተው እዚሁ ከእኔ ጋር ቀሩ። ካሮቱም በቀለ፤ ግማሹ ሁለት እግር አውጥቶ ስለነበር ሐጂ ሙሴ አንዱን አንስተው ብዙ ካዩት በኋላ ጨረቃዋ ምንም ጥፋት እንደሌለባት ተናገሩ። ዛሬም በጨረቃ እዘራለሁ፣ በጨረቃ እከረክማለሁ። ግን ንጋት ላይ ከመውጣቴ በፊት በግንቡ ላይ "ወጥቻለሁ" ብዬ እጣራለሁ፤ ሳህራም ከወዲያ "ለካሮት ነው ለቆስጣ?" ትለኛለች። ሰው አለመንካት ጨዋነት ይመስለኝ የነበረው ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም። እናንተም ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ፣ ጉዳያችሁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከግንቡ ወዲያ ላለው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት። ይሳቅባችሁ። የሳቀ ሰው ቆርቆሮ አይጨምርም።

በቅርቡ ኢብራሂም ለሥራ በርበራ ሊሰነብት ሲሄድ በማለዳ በራችንን አንኳኳ። ሻንጣው መኪና ላይ ነበር፤ አልገባም አለ። የቤቱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን በላዩ ላይ ዘጋቸውና በአማርኛ "ልጆቼን አደራ" አለኝ። እሺ አልኩት። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላም፣ ላይሰማኝ፣ እሺ አልኩ።